የውኃው መውጫ

በሰሜን ኬንያ፣ ከሶሎሎ ኮረብታዎች ግርጌ የሚኖሩ አንድ ሽማግሌ ከብት አርቢ ነበሩ። ሁለት ወንዶች ልጆችና በመካከላቸው የተወለደች አንዲት ሴት ልጅ ነበሯቸው። በአንድ ዓመት ከመጋቢት እስከ ግንቦት የሚጠበቀው የጋና ዝናብ ሳይጥል አለፈ፤ የጥቅምቱ ሃገያም ደመናውን አሳይቶ ወደ ሌላ አገር ሄደ። የመንደሩ ኩሬ ዳር ዳሩ መሰነጣጠቅ ሲጀምር ሽማግሌው ልጆቻቸውን በበረቱ አጠገብ፣ እሳት ዳር ሰብስበው እንዲህ አሏቸው፦

«ይህ ኩሬ ከአንድ ወር በላይ አያቆየንም። ሦስታችሁም ውጡና ውኃ ፈልጉ። አይታችሁ፣ ጠይቃችሁ፣ አወዳድራችሁ ኑ። ከዚያ በኋላ መንጋውን የት እንደምንወስድ እንመክራለን።»

ልጆቹ በማግስቱ ዱላቸውን በትከሻቸው ላይ አጋድመው ተነሡ። ታላቁ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ሞያሌ ሄደ። ልጅቷ ድንበሩን ወደ ኢትዮጵያ ተሻግራ ወደ ሰሜን፣ ጥልቆቹ የቱላ ጉድጓዶች ወዳሉበት ወደ ዱቡሉቅ ቀናች። ታናሹ ሩቅ አልሄደም፤ ከኮረብታው ጀርባ ወዳለችው የጎረቤት ኩሬ ወረደ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ሁሉም ተመልሰው እሳቱ ዳር ተቀመጡ።

ታላቁ ቀድሞ ተናገረ። «አባ፣ ፍለጋው አልቋል። ከኬላው ማዶ፣ ከሞያሌ ዳርቻ ሞተር ያለው ጉድጓድ አግኝቻለሁ። ቧንቧው ቀንና ሌሊት ይፈሳል። ወረፋ የሚባል የለም። ገንዳው በሲሚንቶ የተሠራ ነው፤ መቶ ከብት ቢመጣ በአንዴ ይጠጣል። ድርቆሽ አለ፣ የኤል ሶድ ጥቁር ጨው አለ፣ የእንስሳት ሐኪምም እዚያው ይውላል። ለመግቢያ ምንም አይከፈልም። ባለቤቱ እንዲያውም ‹የመጀመሪያውን ሳምንት እኔ ጋብዣችኋለሁ› ብሎኛል።»

ልጅቷ ቀጠለች። «እኔ ያየሁት ውኃ አያቶቻችን የቆፈሩት ነው። ከብቱ በተቆፈረ መንገድ ወደ መሬት ሆድ ይወርዳል። ከገንዳው በታች ጉድጓዱ ውስጥ ሰዎች አንዱ ከአንዱ በላይ ቆመው ባልዲውን ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበሉ፣ እየዘፈኑ ያወጣሉ። ዘፈኑ ከቆመ ውኃውም ይቆማል። አባ ሄሬጋ የሚባለው ሰው ተራውን ያስከብራል፤ ማን ዛሬ፣ ማን ነገ፣ ማን በሦስተኛው ቀን እንደሚያጠጣ እሱ ያውቃል። ገንዘብ አይጠይቁም፤ ሰው ግን ይጠይቃሉ።»

ታናሹ አጭር ነገር ይዞ ነበር። «የእኔዋ ኩሬ ግማሽ ቀን ታስኬዳለች። ጠባቂው ያውቅዎታል፤ ስምዎን ስነግረው ከመቀመጫው ተነሣልኝ። የሚጠይቀው ጥቂት ሽልንግ ነው። ውኃዋ ብዙ አይደለም፤ ግን ለቤታችን ቅርብ ናት።»

ሽማግሌው ሦስቱንም ሳያቋርጡ ሰሙ። ከዚያ በዱላቸው ጫፍ ፍሙን እየቆሰቆሱ፣ «መውጫውስ?» አሉ።

ልጆቹ ተያዩ። ታላቁ፣ «የምን መውጫ አባ?» አለ።

«ስለ መግቢያው ሁላችሁም ነገራችሁኝ። ከብት ግን ገብቶ አይቀርም። ጠግቦም ይሁን ሳይጠግብ፣ ከባለውኃው ጋር ተመራርቆም ይሁን ተቀያይሞ፣ አንድ ቀን ይወጣል። በሩ ላይ ሲደርስ ምን ይባላል? ማን ይቆጥረዋል? ስንቱ ገብቶ ስንቱ ይወጣል?»

ማንም መልስ አልነበረውም። «አላወቃችሁም» አሉ ሽማግሌው በለሰለሰ ድምፅ፣ «ልታውቁም አትችሉም፤ የሄዳችሁት ዱላ ብቻ ይዛችሁ ነው። ዱላ ውኃ አይጠጣም። ነገ እንደገና ትሄዳላችሁ። እያንዳንዳችሁ አሥር አሥር ከብት ትነዳላችሁ። ወይፈን ብቻ እየመረጣችሁ እንዳትወስዱ፤ የምትታለብ ላም፣ ያረጀች ላም፣ እርጉዝ፣ ጥጃ የምትከተላት፣ ሁሉም ይኑሩበት። መንጋችን ምን እንደሚመስል የሚያሳዩ አሥር ይሁኑ። አንድ ወር ቆይታችሁ ኑ።»

እንደተባሉት አደረጉ።

ታላቁ ልጅ ሞያሌ ሲደርስ የተነገረው ሁሉ እውነት ሆኖ አገኘው። በሩ ተከፈተ፣ ውኃው ፈሰሰ፣ የመጀመሪያው ሳምንት ግብዣ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት እርጉዟ ላም በሌሊት ምጥ ጠንቶባት ወደቀች፤ ሐኪሙ መብራት ይዞ መጣና እሷንም ጥጃዋንም አተረፈ። ልጁ በዚያ ሌሊት እንባ ተናነቀው። ወደ ሶሎሎ ለሚሄድ መንገደኛ፣ «ለአባቴ ንገርልኝ፤ መንጋውን ሁሉ ላምጣ ወይ?» ብሎ ላከ። የመጣለት መልስ ሁለት ቃል ነበር፤ «ወሩ ይሙላ።»

ወሩ ሞላ። ልጁ ከብቶቹን ነድቶ በሩ ላይ ሲደርስ ደብተር የያዘ ሰው ተነሣ። በየማለዳው ከብቶቹ ለግጦሽ ሲወጡ ይህ ሰው በሩ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ልጁም በየማለዳው ሰላምታ ይሰጠው ነበር። ለካ አንዲት ላም በወጣች ቁጥር አንድ መስመር ይሰመር ኖሯል። መግባት በነፃ ነው፤ መውጣት ግን ይቆጠራል። በዚያ ላይ ድርቆሹ አለ፣ ጨው አለ፣ የሐኪሙ ሌሊት አለ፣ ከብቶቹ በቀትር የተጠለሉበት ጥላም በራሱ መስመር ሰፍሯል። ሒሳቡ የተጻፈው ደግሞ በወዲያኛው ማዶ ገንዘብ ነው። ልጁ በኪሱ ያለውን ሽልንግ ሊመነዝር ገበያ ሲወጣ ምንዛሪው እሱ በመጣ ጊዜ እንደነበረው አልነበረም። የደብተሩ ቁጥር ንቅንቅ ሳይል የእሱ ዕዳ አድጓል።

ተቆጣ፤ ተበደልኩ፣ ተታለልኩ ብሎ ጮኸ። ባለቤቱ ግን አልዋሸውም ነበር። በበሩ ላይ የተሰቀለውን ቆርቆሮ አሳየው። ከላይ በትልቁ «መግቢያ በነፃ» ይላል፤ ከሥሩ በትንንሹ የመውጫው፣ የድርቆሹና የጥላው ዋጋ በሙሉ ተጽፏል። ልጁ አንብቦ የጨረሰው የላይኛውን መስመር ብቻ ነበር። ከአሥሩ ሁለቱን ሸጦ ስምንቱን ከአዲሷ ጥጃ ጋር አስወጣ። በመንገድም ሌላ ነገር ገጠመው፤ ላሞቹ ወር ሙሉ ድርቆሽ ከእጅ ሲጎርሱ ኖረው ደረቁን ሣር አሽትተው አለፉት። የሁለት ቀኑ መንገድ አምስት ቀን ፈጀ።

ልጅቷ ዱቡሉቅ ስትደርስ አባ ሄሬጋ ከብቶቿን አየና፣ «ሰዎችሽ የታሉ?» አላት። ብቻዋን ነበረች። «ባልዲውን ማን ይቀበላል? ይህ ጉድጓድ የሚያጠጣው እጅ ያለውን ነው» አላት። እሷም ወተት እየሰጠች ጎረምሶች ለመነች፤ ራሷም ወርዳ በሰልፉ መካከል ቆመች። መዳፏ ላጠ። ተራዋ በየሦስት ቀኑ ነበርና የምትታለበዋ ላም ጡቷ ደረቀ፤ አሮጊቷም ላም በመጠበቅ ከሳች። ውኃው ግን ወሩን ሙሉ አንድም ቀን አልጎደለም። የምትሄድበት ቀን ሲደርስ ከብቶቿ ጠጥተው በተቆፈረው መንገድ ወደ ላይ ወጡ፤ ሌላ መንጋም እነሱ ወጥተው እስኪያልቁ በላይ ሆኖ ጠበቀ። አባ ሄሬጋ የተናገረው ነገር ቢኖር፣ «ተራው የማን ነው?» የሚል ብቻ ነበር። ልጅቷ ወደ ኋላ ዞራ አየችና ገባት፤ ያ ጉድጓድ ሲቆፈር መውጫው አብሮ ታስቦ ነበር። አሥሩም ከብቶች ከስተው፣ ግን አሥር ሆነው ተመለሱ።

ታናሹ ሦስት ሳምንት ተመቸው። በየማታው ወተት ይዞ ቤቱ ይመጣ ነበር። በአራተኛው ሳምንት አንድ ማለዳ ኩሬዋ ጭቃ ሆና አደረች፤ አንዲት ጊደርም እስከ ሆዷ ሰጠመች። ጠባቂው ራሱ ልብሱን አውልቆ ገባና ከልጁ ጋር ጎትተው አወጧት። የቀረውን ሳምንት ሽልንግም መለሰለት። ግማሽ ቀን ነዳና ቤቱ ገባ።

እሳቱ ዳር ሲቀመጡ ታላቁ አንገቱን ደፋ። ታናሹ፣ «እንግዲህ አባ፣ አንደኛው ውኃ የእኅቴ ነው» አለ።

«አንደኛው የቱ ነው ብዬ አልጠየቅኋችሁም» አሉ ሽማግሌው። «ከብቶቻችን ሁሉ አንድ ዓይነት ይመስል ውኃቸው አንድ ይሁን የሚል ሰው ከብት አያውቅም። ሕፃናቱ በየማታው የሚጠጡትን ወተት የሚሰጡት ላሞች ወራ ናቸው፤ እነሱ በቅርቧ ኩሬ ይቆዩ። ውኃዋ እንደምትደርቅ አውቀናልና ሁለተኛው ሳምንት ሲያልቅ በየማለዳው ዳሯ ይለካ። ወተት የሌላቸው፣ መንገድ የሚችሉት ፎራ ናቸው፤ እነሱ ወደ ቱላው ይሂዱ። ብቻሽን ግን አትሄጂም ልጄ፤ ባልዲ የሚቀበሉ ስድስት ጎረምሶች ይከተሉሻል። እጅ ከሌለን ያ ውኃ የእኛ አይደለም።»

ታላቁ በዝግታ፣ «የእኔን ውኃ እንርሳው?» ብሎ ጠየቀ።

«ለምን እንረሳዋለን? ላማችንን ከነጥጃዋ ያተረፈ ውኃ ነው። ምጥ የጠናባት፣ የታመመች፣ ወይም ሌላው ውኃ በድንገት የከዳት ላም ወደዚያ ትሂድ። አንተ ግን ከመግባትህ በፊት ቆርቆሮውን እስከ ታችኛው መስመር ታነባለህ። ስንት ቀን እንደምትቆይ፣ በስንት እንደምትወጣ፣ በማን ገንዘብ እንደምትከፍል በሩ ላይ ቆመህ ትስማማለህ። ደብተሩንም በየማታው አሳየኝ ትላለህ። ከተቻለህ ድርቆሹን ከቤት ይዘህ ሂድ፤ በሌላ ሰው እጅ መጉረስ የለመደች ላም ስትመለስ ራሷን አትችልም።»

ከዚያ ወደ በረቱ አዩና፣ «አምስት ጊደሮች ደግሞ ለአማቻችን ዳባሬ ይሰጡ» አሉ። ዳባሬ በቦረናዎች ዘንድ ከብትን ለሌላ ቤት አውሶ ማኖር ነው፤ ወተቱ የተዋሰው፣ ከብቷና የምትወልደው የባለቤቷ ነው።

ታናሹ ግራ ገባው። «አባ፣ ሦስት ውኃ እያለን አምስቱ እኛ ዘንድ ውኃ ያጣሉ?»

«ውኃ አያጡም። በሽታና ዘራፊ ግን አንድ በረት ሲያገኝ መርጦ አይወስድም።»

በዚያ ዓመት ድርቁ ከረመ። የሞያሌው ሞተር ተሰብሮ ዘጠኝ ቀን ቆመ። ከቱላው ጉድጓዶች የአንዱ ግንብ ተናደ። ኩሬዋም እንደተፈራው ደረቀች። ሦስቱም ውኃዎች በየተራቸው ከዱ፤ በአንድ ቀን ግን አልከዱም። ዝናቡ ሲመለስ የሽማግሌው መንጋ ቀንሶ ነበር፤ የቤታቸው የወተት ዕቃ ግን አንድም ቀን ባዶውን አላደረም።

ምሳሌው እዚህ ላይ ያበቃል። እኔ ይህን የምጽፈው መንጋቸው መረጃ ለሆነ ሰዎች ነው።

ዛሬ በአዲስ አበባ፣ በባሕር ዳር ወይም በሞያሌ አንድ ወጣት ለክሊኒክ፣ ለትምህርት ቤት ወይም ለሱቅ ዌብ አፕሊኬሽን ሲሠራ የሽማግሌው ጥያቄ ይጠብቀዋል፤ የት አኑሬ ላጠጣው? አማዞን እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2006 የፋይል ማከማቻውን፣ በዚያው ዓመት ነሐሴ ደግሞ የሚከራይ ሰርቨሩን ለሕዝብ ከከፈተ፣ ጉግልም በ2008፣ ማይክሮሶፍትም በ2010 ከተከተሉት ወዲህ፣ ክላውድ የሚባለው ውኃ በየበሩ ይፈሳል። የማወዳደሪያ ሰንጠረዡም ብዙ ነው፤ የፕሮሰሰሩ፣ የሜሞሪው፣ የወር ኪራዩ። ይህ ሁሉ የመግቢያው ወሬ ነው።

መውጫው በደብተር ይቆጠራል። አማዞን ወደ ሰርቨሩ ለሚገባ መረጃ አያስከፍልም። ለሚወጣው ግን በወር ከመጀመሪያው 100 ጊጋባይት በኋላ በአሜሪካ ማዕከሎቹ ለእያንዳንዱ ጊጋባይት 9 ሳንቲም ዶላር ይጠይቃል። ተጠቃሚ ገጽ በከፈተና ምስል ባየ ቁጥር አንዲት ላም በሩን አለፈች ማለት ነው። በወር 1,100 ጊጋባይት የሚያወጣ አፕሊኬሽን ለመውጫው ብቻ 90 ዶላር ይከፍላል። የጀርመኑ ሄትዝነር በአውሮፓ በሚያከራያቸው ሰርቨሮቹ ላይ 20 ቴራባይት ከኪራዩ ጋር ስለሚሰጥ ያው መንጋ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይወጣል፤ በምትኩ ሌሊት የሚጠራውን ሐኪም፣ ማለትም ሰርቨሩን የሚያድስና የሚጠብቀውን እጅ ራስህ ታዘጋጃለህ። በ2024 መጀመሪያ ወራት ጉግል፣ አማዞንና ማይክሮሶፍት ጨርሶ ለሚለቃቸው ደንበኛ የመውጫውን ክፍያ እንደሚተዉ አስታውቀዋል። መልካም ነው፤ የየቀኑ የግጦሽ መውጫ ግን ዛሬም ይሰመራል።

ድርቆሹም አለ። በአንድ አቅራቢ ዘንድ ብቻ የሚሠራ ዳታቤዝ፣ ለምሳሌ የአማዞኑ ዳይናሞዲቢ፣ ምቹና ፈጣን ነው፤ ፕሮግራሙ በእሱ ልማድ ከተጻፈ በኋላ ግን ሌላ ቦታ ሄዶ ለመጋጥ ብዙ ድካም ያስፈልገዋል። ፖስትግሬስ ከቤት የተያዘ ድርቆሽ ነው፤ በትልቁም በትንሹም አቅራቢ፣ በራስ ሰርቨርም ላይ ይሠራል።

ግብዣውም ያልቃል። ሄሮኩ ለብዙ ጀማሪዎች የመጀመሪያው ቤት የነበረውን ነፃ አገልግሎት ኅዳር 28 ቀን 2022 እ.ኤ.አ. ዘጋው። አማዞንም ከየካቲት 1 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እያንዳንዱን ይፋዊ የአይፒቪ4 (IPv4) የኢንተርኔት አድራሻ በሰዓት በግማሽ ሳንቲም ዶላር ማስከፈል ጀመረ። በወር 3 ዶላር ተኩል ገደማ መሆኑ ነው፤ ትናንት ያልተቆጠረ ጥላ ዛሬ ተቆጠረ። የወዲያኛው ማዶ ገንዘብ ምን እንደሚያደርግ ደግሞ ኢትዮጵያውያን ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አይተናል። ከ57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። 50 ዶላር የሚከፈልበት ሰርቨር አንድም መስመር ሳይጨመርበት ከ2,850 ብር ወደ 5,000 ብርና ከዚያ በላይ ወጣ።

የርቀቱም ጉዳይ አለ። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሴኮንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ስለዚህ ከአዲስ አበባ እስከ ፍራንክፈርት ደርሶ ለመመለስ ገመዱ ቀጥታ ቢሆን እንኳ ከ50 ሚሊሰኮንድ በታች አይሆንም። አማዞን በ2020 በኬፕ ታውን፣ ጉግል በ2024 በጆሃንስበርግ ማዕከል ከፍተዋል፤ እሱም ቢሆን ከባሕር ገመድ ነፃ አያደርግም። ግንቦት 12 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. ኢሲና ሲኮም የተባሉት የባሕር ገመዶች በደቡብ አፍሪካ አቅጣጫ ሲበጠሱ ኬንያን ጨምሮ የምሥራቅ አፍሪካ ኢንተርኔት ተጎተተ። የቅርቧ ኩሬ ዋጋ የሚታየው በእንዲህ ያለ ቀን ነው። ኢትዮ ቴሌኮም የክላውድ አገልግሎት ይሰጣል፤ ራክሲዮም በአዲስ አበባ አይሲቲ ፓርክ ዳታ ሴንተር አለው። ቅርብ ናቸው፤ ጠባቂውንም በአካል ሄዶ ማነጋገር ይቻላል። እንደ ታናሹ ልጅ ግን ኩሬዋ የምትደርቅበትን ቀን አስቀድሞ መጠየቅ ያሻል፤ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ ስንት ሰዓት ይቆያል? አንዱ መስመር ሲበጠስ ሌላ አለ ወይ?

ዳባሬን የዘነጋ ግን ሁሉንም አውቆ ሁሉንም ሊያጣ ይችላል። መጋቢት 10 ቀን 2021 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይ ስትራስቡርግ የኦቪኤች ዳታ ሴንተር አንድ ሕንፃ ሙሉ በሙሉ ተቃጠለ፤ መጠባበቂያ ቅጂያቸው እዚያው የነበረ ደንበኞች ሥራቸውን ከነቅጂው አጡ። በግንቦት 2024 እ.ኤ.አ. ደግሞ ከ600,000 በላይ አባላት ያሉት የአውስትራሊያ የጡረታ ድርጅት ዩኒሱፐር በጉግል ክላውድ ላይ የነበረው ሥርዓቱ በአቅራቢው በኩል በተፈጠረ የማዋቀር ስሕተት ተሰረዘ። ከሳምንት በላይ ቢቋረጥም ተመለሰ፤ ለመመለስ ከረዱት ነገሮች አንዱ በሌላ አቅራቢ ቤት ያኖረው ቅጂ ነበር። አምስቱ ጊደሮች አማች ቤት ነበሩ።

ስለዚህ አቅራቢ ለመምረጥ የተቀመጠ ሰው ሰንጠረዡን አጥፎ አሥር ከብት ይምረጥ። የራሱን አፕሊኬሽን፣ ትክክለኛውን የሚመስል የዳታቤዝ ቅጂ፣ ትክክለኛውን የሚያክል የተጠቃሚ ጭነት ወስዶ በሁለት ወይም በሦስት ቦታ አንድ ወር ያኑር። ሒሳቡ ሲመጣ እስከ ታችኛው መስመር ያንብብ። ከዚያ አንድ ቀን መድቦ ያስወጣው፤ ዳታቤዙን አውርዶ፣ ፋይሎቹን ገልብጦ፣ በሌላ ቦታ አስነሥቶ ስንት ሰዓትና ስንት ብር እንደፈጀበት ይጻፍ። ከዚያ በኋላ ወራውን የትም ቢያኖር፣ ፎራውን የትም ቢልክ፣ ዐውቆ ነው።

ይህን ሁሉ አጥብቄ የምለው ስለ ገንዘቡ ብቻ አይደለም። የሽማግሌው ከብት የሽማግሌው ነበር። የእኛ ሰርቨር ላይ ያለው ግን የሰው ነው፤ የክሊኒኩ በሽተኛ የምርመራ ውጤት፣ የተማሪው ማርክ፣ የባለሱቁ የዱቤ መዝገብ። እነዚህ ሰዎች በሩ ላይ ቆመው ቆርቆሮውን አያነቡም፤ በሩ እንዳለም አያውቁም። የሚያነብላቸው እየነዳ ያስገባቸው ሰው ብቻ ነው።